የግራኙ ሰይፉ ቤዝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ክር እየቀቀልኩ ነው። ዛሬም። አንድ ጊዜ በሳሙና ውሃ፣ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ድምፁ የሞተ የቤዝ ጊታር ክር ከዚህ በኋላ ለሁለት ሳምንት ይነሣል። ተመልሶ ሲሞት እንደገና ድስት ውስጥ። አዲስ ክር ወደ አገር መግባት ካቆመ ወዲህ የከተማው ቤዝ መቺ ሁሉ እኔ ቤት ይመላለሳል፤ ሰላምታ እንኳ የማይሰጡኝ የነበሩት ጭምር።

ትናንት ኮተቤ ሄጄ ነበር። አገሩ የሚገባ ፈረንጅ አስተማሪ ቤዙን ሸጠልኝ። አንገቱ ጎብጧል፤ ክሩን ሳያላላ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሞት። ጉብጠቱን አሳይቼ ዋጋ ሰበርኩ። አልተከራከረኝም፣ ሐሳቡ ሻንጣው ላይ ነበር። ንግዱ እንዲህ ሆኗል። ባንዶቹ ፈርሰዋል፣ ሻጭ ሞልቷል፣ ገዢ የለም። ቀን መ/ቤት ለመንግሥት ወንበር እሠራለሁ፤ ጠዋትና ማታ የሰው ቤዝ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። እኔም መድረክ ላይ የቆምኩበት ጊዜ ነበር። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ጥሩወርቅ መጥታ ሄደች። የሰይፉ ታናሽ እህት።

አንተ አዲስ ደብተር ነህ፣ ሰይፉን አታውቀውም። ግራኝ ነው። በግራ እጁ ቤዝ የሚመታ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም። አንድ ሆቴል ቀን ተከፋፍለን ስድስት ዓመት ሠርተናል። ይበልጠኛል፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ካሰሩት ሁለት ዓመት አለፈ፣ በምን እንደሆነ የነገረን የለም።

ዓርብ ዕለት እንደ ወትሮው ስንቅ ይዛለት ሄደች። ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላት። ከእንግዲህ አታምጪ አላት። በቃ። በዚህ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። አስከሬን የለም፣ ወረቀት የለም፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እዚህ ወንበር ላይ አለቀሰች። ውሃ ሰጠኋት።

ቤዙን በጋቢ ጠቅልላ አምጥታዋለች። ቤት ውስጥ ላየው አልቻልኩም፣ ጋሼ፣ እስከ አርባው አቆይልኝ አለችኝ። ከአርባው በኋላ እንደ ፈቀድክ። እሺ አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7። ጠዋት

ጋቢውን ፈታሁ። ግራ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተበልቶ እንጨቱ ወጥቷል። ልሞክረው ብዬ ያዝኩት፤ ሁሉም ነገር ለእኔ ተገልብጧል፣ ጣቴ መሄጃ አጣ። መልሼ ጠቀለልኩት። ግራኝ ቤዝ ማንም አይገዛም። እስከ አርባው ቀርቶ እስከ ዓመቱም የሚነካው የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22። የምሳ ሰዓት

ጓድ ታምራት መ/ቤቴ ድረስ መጣ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኃላፊ ነው። በከፍተኛው ለሚደረገው የቀበሌዎች ውድድር ቤዝ ጊታር ያስፈልጋቸዋል፤ ጓድ በቀለ ቤት እንዳለ፣ ማለት እኔ ቤት፣ ጎረቤት ጠቁሟል። እስከ ኅዳር መጀመሪያ እንዳስረክብ። ፈገግ እያለ ነው የሚያዘው፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ። መቺያችሁ ቀኝ ነው ግራኝ ብዬ ጠየቅኩት። ግራ የገባው መቺ የለንም አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ቤት ያሉት ሦስት ናቸው። የፈረንጁ ቤዝ ሞርሳ ላይ ታስሯል፣ ለመቃናት ሁለት ወር ይፈልጋል። ሌላው የሰይፉ ነው። ሦስተኛው የራሴ፣ አልጋዬ ሥር ያለው።

የራሴን አልሰጥም። ይኸው ጻፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ባንዱም ሆቴሉም ሄደው እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። ለኪነት ልጅ አስረክቤው በየስብሰባው ሲቀጠቅጠው ልስማ? ሰይፉ ሞቷል። የሞተ ሰው ቤዝ አይመታም። ይህን ቀኑን ሙሉ ወንበር እየላግኩ ለራሴ ደጋገምኩት። አርባው ኅዳር 11 ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 25። ከሰዓት 10 ሰዓት

እስከ ቀትር ስብሰባ፤ እንደ ልማዱ ቅዳሴ እስኪያልፍ አልለቀቁንም። ከዚያ እቤት። በሩን ዘጋሁ።

የግራኝን ቤዝ ለቀኝ ማድረግ ክር ማገላበጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አናቱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ቁራጭ አለች፤ አውጥቼ ከበሬ ቅልጥም አዲስ ሞረድኩ፣ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ እንዲገባ። የድምፅ ቁልፎቹ ከላይ ሆነው ክንድ ስለሚነካቸው ወደ ታች አወረድኳቸው፣ የቀሩትን ቀዳዳዎች በዋንዛ ደፈንኩ። ኮላ፣ መሮ፣ ብርጭቆ ወረቀት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሊመለስ ይችላል።

የቀረው ቀንዱ ነው። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ረጅሙ ቀንድ ሲገለበጥ ከታች ይሆንና ለጣት መንገድ ይዘጋል። ቆረጥኩት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቁራጩ ዓይኔ ሥር እንዳይቀመጥ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ክር ቀቀልኩበት።

አንተን አልዋሽህም። እጄ ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ጥሩ እንጨት ከነካሁ ቆይቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት

አስረከብኩ። ቀይ ሆኗል። ጓድ ታምራት ከመፈክር ሰሌዳ የተረፈ ቀለም በቆርቆሮ ልኮልኝ ሁለት እጅ ቀባሁት። የተበላውም ቦታ፣ የተደፈነውም ሁሉ አንድ ሆነ። ክፍያው የምስጋና ደብዳቤ ነው፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው። ለጥሩወርቅ በአርባው ዕለት እነግራታለሁ። ስምንት ቀን ቢቀረው ምን ለውጥ ያመጣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 9 ሰዓት

ታመምኩ ብዬ ከመ/ቤት ቀረሁ። ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ ማርያም በእግሬ ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ፣ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ።

አምስት ሰው ነበርን። ጥሩወርቅ ዳቦና ትንሽ ጠላ ይዛ፣ የማኅበር ዝክር አስመስላው። ለቄሱ የክርስትና ስሙን ብቻ ነገረቻቸው፣ ሌላ አልጠየቋትም። ፍትሐቱን ዝቅ ባለ ድምፅ አደረሱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስንጨርስ ስለ ቤዙ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ትከሻዬን ሳመችኝ። እነግራታለሁ ያልኩትን ሳልነግራት ወረድኩ። ዳቦውን ኪሴ ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ እንዳልበላሁት አላወቅኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29። ከሰዓት 8 ሰዓት

ሰይፉ በሕይወት አለ።

ከሌላ እስር ቤት የተፈታ ሰው ጥሩወርቅን ፈልጎ አገኛት፤ ከሰይፉ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ። ያን ዓርብ ጠዋት አዛውረውት ኖሯል። ጠባቂው አታምጪ ያላት እዚያ ስለሌለ ነበር። ሌላ ትርጉም የሰጠነው እኛ ነን። ጠባቂውም ማስረዳት አላስፈለገውም፣ እኛም መጠየቅ አልደፈርንም፤ አለቀስን፣ ፍትሐት አስደረግን፣ ዘከርን።

ጥሩወርቅ እየሳቀች እያለቀሰች ልትነግረኝ እዚህ ድረስ ሮጣለች። ቤዙን እንዳትመልሰው፣ ራሱ መጥቶ ይወስደዋል አለችኝ። አቀፍኳት። ደስ ብሎኛል፤ በእውነት ደስ ብሎኛል። ከሄደች በኋላ ግን ምድጃው ውስጥ ያለውን አመድ በእንጨት በረበርኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

ፈትተውታል። ሄጄ አላየሁትም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ላክሁ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 21። ከሰዓት

እሱ መጣ። ኮቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሣቁ ግን የድሮው ነው። ፍትሐት እንደተደረገለት ሰምቶ፣ ከእንግዲህ ኃጢአት ብሠራ ተከፍሎልኛል እያለ ይቀልዳል። ሞርሳው ላይ ያለውን የፈረንጁን ቤዝ ዳሰሰ፣ ስለ ክር ዋጋ ጠየቀ፣ ስለ ድሮ ጓደኞች ጠየቀ። የራሱን እስኪጠይቅ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ያፈረ ይመስል ነበር። እኔ ክሩ ተበላሽቶ እየጠገንኩት ነው፣ ሌላ ሰው ዘንድ ነው፣ ሌላ ጊዜ ና አልኩት። ሦስት ውሸት በአንድ ትንፋሽ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 23። ከሰዓት 11 ሰዓት

ቀበሌ ሄጄ ለመንኩ። የፈረንጁ ተቃንቷል፣ እሱን ልስጣችሁ፣ ቀዩን መልሱልኝ። ጓድ ታምራት መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል። ሌላ ካለህ እሱንም አምጣ፣ ሁለተኛ መቺ እናሠለጥናለን አለኝ። ውድድሩን እንኳ ተሸንፈዋል። አመስግኜ ወጣሁ፤ አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩት።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 28። ከሰዓት 9 ሰዓት

ስብሰባ። ተፈቺ መቅረት አይችልምና ሰይፉም መጥቷል፤ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ተቀመጠ። ኪነቶቹ ከፈቱት። ቀዩ ቤዝ ወጣ።

መጀመሪያ አላየውም፣ መሬት መሬት ያይ ነበር። ልጁ ወፍራሙን ክር ሁለት ጊዜ ሲመታ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም። እኔ የማየው ማጅራቱን ብቻ ነው። ስለ ምርት ዘመቻ ሁለት ሰው ተናገረ፣ አጨበጨብን።

ስብሰባው ሲበተን ሰይፉ ልጁን ጠጋ ብሎ ቤዙን ለመነው። ልጁም በክብር ሰጠው። ቀንዱ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጥፍሩ ፈለገ፣ መልሶ ሰጠ። ዳገቱን አብረን ወጣን። ከእኔ ጋር ለመሄድ ለምን እንደመረጠ አላውቅም።

ቤቴ በር ላይ ቆሞ ሥራህ ጥሩ ነው አለ። የደፈንከው ቦታ በጥፍር እንኳ አይገኝም። ቀንዱን የት አደረግከው? አነደድኩት አልኩ። እሺ አለ። የራስህስ? አለኝ። አልጋ ሥር አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሣቀ፣ የድሮውን ሣቅ፦

«ለመሆኑ አርባዬን እንኳ ጠብቀሃል?»

ለቀልድ ነበር የጠየቀኝ። አዎ የሚል መልስ ነበር የጠበቀው። አልጠበቅኩም አልኩት። ሳስረክበው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር አልኩት። ሣቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ መሄጃ እንዳጣ። አልሰደበኝም። ደህና ዋል በቄ ብሎኝ ወረደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ገና። ጠዋት 3 ሰዓት

መ/ቤት ዝግ ነው። ጥሩወርቅ ለምሳ ጠርታኝ ነበር፤ ሰይፉ ሳይነግራት አልቀረም፣ ዛሬ ሰው ልካ እንዳትመጣ አለችኝ። አልፈርድባትም።

የራሴን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ጨርቅ ከሥሩ አነጠፍኩ። ክሮቹን ፈታሁ። ሥራው ያው ነው፣ ተገልብጦ፤ ቅልጥሙን ለግራ መሞረድ፣ ቁልፎቹን ማዛወር፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ ቀንዱን መቁረጥ። ቀይ አልቀባውም። መስመሩን በእርሳስ አስምሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ እጄ ደህና ነው።

ተሸክሜው ወደ ሰይፉ ቤት እወርዳለሁ። በሩን ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። ካልከፈተ ደጁ ላይ አስደግፌው እመለሳለሁ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከአሁን ጀምሮ እየሞከርኩት ነው፣ ከአፌ አልወጣ ብሏል።

ክሮቹን ከመፍታቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ልምታበት ብዬ አንሥቼው ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። አንዴ ከመታሁት አልቆርጠውም።

መጋዙን ላምጣ።