ደውሎ አደር

ለታናሽ እህቴ ለፌንጣ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ተወሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ትደገፊያለሽ? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ አለሁ። ዐይኔ ያያል፣ እግሬ ይሄዳል፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ አትሳቂብኝ።

የምጽፍልሽ ስለዚያች ቃል ነው። ከደወልሽ ቆየሽ። ልጄም ብትደውል ብትደውል አታነሺላትም። ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ፊቷ ጠቁሯል፤ መድኃኒት ስትሸጥ እንኳ ደንበኛ ፊት ዕንባዋ ይመጣል አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

አንድ እሑድ ዝናቡ አላስወጣ አለንና ልጄ ከሥራ ጓደኞቿ የለመደችውን ጨዋታ አመጣች። ስም የሌለው ነገር በቁራጭ ወረቀት ይጻፍና ተጣጥፎ ድስት ውስጥ ይገባል። አንዱ አውጥቶ ያነባል። ከዚያ እያንዳንዱ ለዚያ ነገር አዲስ ቃል ይፈጥርለትና ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከሁሉ ያሳቀው ቃል ያሸንፋል፣ ሳምንቱን ሙሉም በቤቱ ይነገራል። ረስቶ በሌላ ስም የጠራ ዕቃ ያጥባል። የተጫወትነው ልጄ፣ ሹፌሩ ባሏ፣ እኔና ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነን።

መጀመሪያ የወጣው፣ ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ አጮልቆ የሚያነብ ሰው የሚል ነበር። ሹፌሩ አላስችል ብሎት ገና ብዕር ሳያነሳ፣ በነፃ ተሳፋሪ! ብሎ ጮኸ። ልጄ፣ በወረቀት ያልተጻፈ አይቆጠርም፣ ከአፍህ ይልቅ እጅህን አሠራ ብላ ውድቅ አደረገችበት። እሱም፣ ሚስት አገባሁ ብዬ ትራፊክ ፖሊስ ነው ለካ ያገባሁት አለ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ቀስ ብሎ ዐይነ ቀላዋጭ ብሎ ጽፎ አሸነፈ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ የወጣው፣ ሩቅ ሄዶ በስልክ ብቻ የሚዘመድ ሰው የሚል ነው። ልጄ ናፍቆተኛ አለች፣ ሹፌሩ የአየር ዘመድ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሃሎ ባይ። እኔ ደውሎ አደር ብዬ ጻፍሁ። ሠርቶ የሚኖረው ሠርቶ አደር ከተባለ፣ ደውሎ የሚኖረው ምን ይባል ብዬ ነው። ወረቀቱ ሲገለጥ ከፊደሉ ትልቀት የማን እንደሆነ ታወቀ። ፀጉር አስተካካዩ ከሳቁ ብዛት ዕንባውን እየጠረገ፣ እትዬ፣ ይህንን ሁሉ ዘመን የት ደብቀውት ነው? አለኝ። ቃሌ አሸነፈች። ማንን አስበሽ ነው ቢሉኝ ማንንም አልኋቸው። አንቺን ነበር።

በሳምንቱ ስትደውዪ ልጄ አነሳችና ዕቃ ማጠቡን ፈርታ፣ እማ፣ ደውሎ አደሯ ናት፣ ነይ! ብላ ተጣራች። ሹፌሩ ከኋላ ሳቀ። ምን ማለት ነው ብትያት የጨዋታ ቃል ነው አለችሽ፤ ማን አወጣው ብትያት ወሬ ለወጠችብሽ። ለእህቴ ሰላም በይልኝ ብለሽ ዘጋሽ። እኔ እጄ እርጥብ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ቃሏን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄን አትቀየሚያት።

ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። ተጸጽቼም አይደለም። በልብስ ንጽሕና ቤቱ ያን ሁሉ ዓመት ስተኩስ የጣቶቼ ጫፍ ሞቷል። ባለፈው የጋለ ድስት በባዶ እጄ ይዤ ቆሜ ልጄ ናት ጮኻ ያስጣለችኝ። ውስጤም እንደዚያው ነው። እናታችን የሞተች ጊዜ በስልክ ስታለቅሺ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የአልጋዋን አንሶላ እያጠፍሁ ነበር። አንቺስ አታለቅሺም ወይ አልሽኝ። አንሶላው ብዙ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገርሁሽም። ድሮ ደብዳቤ ስትልኪ የሚያነብልኝ ፀጉር አስተካካዩ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛው ሳሙናውን ተቀብቶ እያዳመጠ። ባልሽ እንደመታሽ የጻፍሽውንም ያነበበልኝ ያኔ ነው። ሳሙና የተቀባ ሰው ሁሉ አዘነልሽ። እኔ አፍሬ ወጣሁ፤ በዚያው ሰሞን የማታ ትምህርት ገባሁ። ሽበቴን ይዤ ልጆቻቸውን ለማስጠናት ከሚማሩ ሴቶች ጋር ሀ ሁ አልሁ። አሁንስ ደብዳቤዋን ብቻዬን በሬን ዘግቼ አነባለሁ ብዬ ነበር። ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ አንቺ ስልክ ገዛሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። በስልክ ደግሞ ሁልጊዜ ደህና ነሽ። ባልሽ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ሁሉ ደህና።

እሑድ እሑድ አሁንም ትደውዪበት በነበረው ሰዓት ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባይጮህም ምንም አይሰማኝም። ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ፣ ተረኛ ሳልሆን።

ከዚህ ጋር ባዶ ቁራጭ ወረቀት አድርጌልሻለሁ። ከድስቱ የወጣልሽ ይኸውልሽ፦ የእህቷን ደብዳቤ ለማንበብ በስተርጅና ተምራ ደብዳቤው ግን የቀረባት ሴት። ቃል አውጪላት። የፈለግሽውን ያህል ይምረር፣ እኔ ያወጣሁልሽም ጣፋጭ አልነበረም። ከጀርባው ላይ ደግሞ ባልሽ ዛሬ እንዴት እንደሆነ እውነቱን ጻፊልኝ። በሬን ዘግቼ ነው የማነበው።

ልጄ በጣም ሰላም ትልሻለች፣ ሹፌሩም እንዲሁ፤ ስለ ሳቁ አፍሯል። ፀጉር አስተካካዩ ጤና ይስጥልኝ ብሏል፤ ይህንን ደብዳቤ አላየውም። ፊቴን ለማያውቁት ልጆችሽ አክስታችሁ ሳመቻችሁ በይልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬን የምልከው መልስሽን ካየሁ በኋላ ነው።

መደወሉን ደውዪ፣ ማን ይከለክልሻል። ግን ሕጉን ነግሬሻለሁ፣ በወረቀት ያልተጻፈ አይቆጠርም።

ታላቅሽ

ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ ስልኩ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን