የንጉሥ ጋምቢት፣ ከግራ በኩል

ጥቅምት 12
…እና ኮሌጅ እያለን ጓደኛዬ በላይነህ በቼዝ ሲገጥመኝ ‹‹ይሄ አከፋፈት የእብድ ነው፤ በር ከፍቶ መተኛት ነው›› ያለኝ ቀን… መልስ ሰጥቼው ነበር? አላስታውስም። የማስታውሰው መሸነፌን ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ሠራ። የንጉሥ ጋምቢት። በሁለተኛው እርምጃ ወታደር በነጻ ትሰጣለህ፣ በንጉሡ በኩል መንገድ ይከፈትልሃል። ከከሸፈ ራቁትህን ቀረህ። ጋሽ ሀላኬ ወታደሩን በሉ። ከዚያ ንግሥቴ በግራቸው መጥታ ንጉሣቸው ደጅ ቆመች። ሰባት ዓመት በነገሌ ማንም ያላሸነፋቸው ሹፌር… በሃያት ሻይ ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ተነሥቶ አየ።

ክፍል ውስጥ ቀመር ስጽፍ እጄ ሰሌዳው ላይ ስልሳ አራት ካሬ መሣል ያምረዋል።

ጥቅምት 20
ሦስት ለዜሮ። ጋሽ ሀላኬ ከፊልቱ መስመር ሲመለሱ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ቼዙን ይዘረጋሉ። ነጩን ለኔ ይሰጡኛል። ‹‹አካም፣ እብዱ መምህር። እስቲ እብደትህን አምጣው።››

የሚኒባሳቸው የግራ ስፖኪዮ ተሰብሯል። ግመል ነው አሉ፤ ከመሬት በቀለብኝ። ሳቅን።

ኅዳር 4
ለለውጥ ያህል በሌላው ክንፍ ሞከርሁ። በቀኛቸው። ሁሉንም አዩት። በሃያ እርምጃ አለቅሁ።

ሃያት የሻይ ብርጭቆውን በግራቸው አስቀመጠች። በክርናቸው ደፉት። ‹‹መቼ አመጣሽው?››

ንግሥቴም የምትመጣው ከዚያ ነው። ሁልጊዜ ከዚያ።

ኅዳር 5
ልንገራቸው? ሚስታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። የቀራቸው ልጃቸውና ሚኒባሱ ነው። ዓይኑ አያይም የተባለ ሹፌር ማን ይሳፈርለታል… ግን ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት አከፋፈቱ ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 9
በግራ መጣሁባቸው። እያወቅሁ።

ተማሪዎቼ ከበው ያዩ ነበር። አሸነፍሁ፣ አጨበጨቡ። ጋሽ ሀላኬ እጄን ጨብጠው አርጅቻለሁ መሰለኝ አሉ። ‹‹አከፋፈቱ ነው ጋሽዬ›› አልኋቸው።

በዚህ አፌ።

ኅዳር 17
እንደገና።

ኅዳር 23
ጠጂቱ፣ ለመምህራን ቤት ሁሉ ወተት የምታመላልሰው። ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ የጋሽ ሀላኬ ሚኒባስ ገጫት። ክንዷ ተሰብሯል። ወተቱ አስፋልቱ ላይ ፈሶ፣ ውሻ ሲልሰው አየሁ።

ሐኪም ቤት ሄድሁ። በግራ መስኮታቸው ሥር ነበርሁ እኮ፣ እያዩኝ መስሎኝ ነው የተሻገርሁት፣ ትላለች። ደጋግማ። ማንም አልሰማትም። ሰው ሁሉ ፍሬን ነው ይላል። እሳቸውም ፍሬን ነው ይላሉ።

ነገ ጠዋት ፊልቱ ተራ አላቸው። አሥራ ሁለት ሰው ይጭናሉ።

ኅዳር 24
ሳይወጡ ቤታቸው ደረስሁ። ልጃቸው ዱረቲ ከፈተችልኝ። ግባ አለችኝ፤ አልገባሁም። ጃኬታቸውን እየለበሱ መጡ። ቁልፉ በእጃቸው ነበር።

‹‹የግራ ዓይንዎ አያይም፣ ጋሽ ሀላኬ። ፍሬን አይደለም።››

አልካዱም። ዱረቲ አባቷን አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን።

‹‹መቼ አወቅህ?›› አሉኝ።

‹‹ኅዳር አራት።››

ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡት። የሚያስቡት ስለ ጠጂቱ መስሎኝ ነበር።

‹‹ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተጫውተናል። በየት በኩል መጣህብኝ?››

ጫማዬን አየሁ።

አንገታቸውን ሙሉ አዙረው፣ በቀኝ ዓይናቸው አዩኝ። ረጅም ጊዜ። ‹‹ፊልቱ አልሄድም›› ብለው ቁልፉን ለዱረቲ ሰጧት። ቼዙን በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ አወረዱና በሁለት እጄ አስያዙኝ። አንዱ ወታደር ወደቀ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው መሬቱን እየዳበሱ ፈለጉት፤ አጠገባቸው ነበር፣ በግራ። አነሣሁት።

‹‹መምህር…›› አሉ።

ቀሪውን ጠበቅሁ።

በሩ ተዘጋ።