እኔ አላንቀላፋም

ለሥራ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ክንድሽስ? በብርድ ወራት ይጠዘጥዛታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አንሶላ ማጠፉንም አልተውኩም። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነውና መስመሩ ቢጣመም አትሳቂብኝ። ይህን ነገር ለሌላ ሰው ተናግሬ ማስጻፍ አልችልም ነበር።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስታዪኝ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። እኔም እንደ ተበዳይ አኩርፌ፣ «እጇን የበላው ማሽን፤ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለች?» እያልኩ ኖርኩ።

ያኔ ጡት ትጠባ የነበረችው ልጅሽ እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራለች። የት እንዳቆሟት ግን አልነገረችሽም ይሆናል። መተኮሻው ማሽን ላይ ነው፤ ያንቺው ቦታ። ዓርብ ዕለት ባጠገቧ ሳልፍ፣ እጅ ሲነካው ማሽኑን የሚያቆመውን ብረት በአንሶላ ቅዳጅ ወደ ላይ ጠፍራ አስራዋለች። «ፍቺው!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! ይሄ እኮ ‹የእትዬ ዘዴ› ነው የሚባለው። ያመጡትን ራስዎ ይከለክላሉ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ አጀቧት። «የእናትሽን እጅ አላየሽም?» ብላት፣ «እማዬማ አንቀላፍታ ነው። እኔ አላንቀላፋም» አለችና አንሶላውን ለማሽኑ ማጉረስ ቀጠለች።

ለፎርማኑ ብነግረው፣ «እናቴ፣ ዛሬ ገና ታየሽ? ሥራ አታስፈቺን» አለኝ።

አንቺ አላንቀላፋሽም። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ከእኛ ማሽን ብዙ ወጣ እንዲባልልኝ ብዬ፣ ሳልነግርሽ ብረቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንቺ እንደ ወትሮው ያቆምልኛል ብለሽ የተጨማደደውን ጠርዝ ልታቃኚ እጅሽን ሰደድሽ። ማሽኑን አጥፍቼ እጅሽን አወጣሁና ፎርማኑን ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ ብረቱ ወርዷል፤ ጨርቁ የለም። «እንቅልፍ ጣለኝ» አልሽ። እኔም ዝም አልኩ፤ ውሎ አድሮም ለሌሎቹ ሴቶች አስተሳሰሩን አሳየሁ።

ትናንት ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ያንን ቋጠሮ፣ አንቺ ያኔ እንደፈታሽው፣ በግራ እጄ ብቻ ልፈታው ሞከርኩ። በጥርስ ካልያዙት አይፈታም።

ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። ብቻ ልጅሽን ያዢያት! አላንቀላፋሁም በያት። ካንቺ አፍ ካልሰማች አታምንም፤ የእኔን ቃልማ አየሽው፣ መሳቂያ ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው የእሷን ጣቶች ነው።

ይህን ዛሬ እሁድ በበርሽ ሥር እሸጉጠዋለሁ። ሌላውን ቅጂ ነገ ማለዳ ከመተኮሻው በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ስሜን ጽፌበት። ማንበብ ለማይችሉት ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ከፈለጉ ያባርሩኝ። ዘዴውን በስሜ እንደተማሩት፣ የበላውንም በስሜ ይማሩት።

የቀረችሽን እጅ ፈጣሪ ያጽናልሽ። የልጅሽን ሁለቱንም ይጠብቅልሽ።

ብረቱን ያሰረችው ባልንጀራሽ