የሞቀ ዘይት

ይድረስ ለባሌ ታናሽ ወንድም፣ ካለህበት። ሰላምታዬ እንደ ቂሜ ብዙ ነው። እኛ ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንን ጠይቀህ ባታውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትስቅ።

ሰሞኑን የመኪናችንን ዘይት አስመረመርን። ወንድምህ በብልቃጥ የወሰደለትን መካኒኩ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ከቆመ ሞተር የተቀዳ ዘይት እውነቱን አይናገርም፤ የብረቱ ብናኝ ታች ይዘቅጣል። ነድተው ሳይበርድ ነው መቅዳት" ብሎ መለሰው።

ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ሞተሩን ለማሞቅ ብቻ ወጣን። ጉሙ ውስጥ ቤቶቹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ወንድምህ በአንድ እጁ ይነዳል፤ ሌላው ጎኑን ደግፎ ይዟል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ብዙ ተጓዝን፤ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ተገኘ። መካኒኩ፣ "የሞተሩ ድምፅ እንዳያታልላችሁ፤ ውስጡ መበላት ጀምሯል። ደግነቱ በጊዜ ታወቀ" አለን። ወንድምህ ደስ ብሎት ዋለ።

"አንተስ መቼ ነው የምትታየው?" አልኩት።

"እኔን ደግሞ በብልቃጥ ልትቀጂኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

እኔን አይሰማም፤ አንተን ይሰማል። እባክህ ና። ምን አመጣህ ካለህ የመኪናዋን ሞተር ላሠራ ነው በለው። መሪውን አንተ ያዝ፣ እሱን ከጎንህ አስቀምጠው። ወዴት እንደምትወስደው እኔ ከኋላ ሆኜ እነግርሃለሁ።

ለሁላችንም ጤና ይስጠን።

የወንድምህ ሚስት