የፊተኛው እጅ

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

የፊዚክስ ፈተና ነበር። አራተኛውን ጥያቄ ዘለልኩት። ቤት ስገባ እማዬ ራሴን አየችና፣ «ይሄ ፀጉር ነው ጫካ? ሂድና ተስተካከል» አለችኝ። ሚጣ ከሥር ከሥሯ፣ «ወፍ ትፈለፍልበታለች!» ትላለች። ታናሽ እህቴ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የሠላሳ።

አልሄድም። እሱ ጋ አልሄድም።

ወንድሜ ከሞተ አምስት ወሩ። ፀጉር አስተካካዩ የልብ ጓደኛው ነበር። ብስክሌት አብረው ነበር የሚነዱት። ያን ቀንም አብረው ነበሩ... እሱ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ። አሁን እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ቤት ይበላል። እማዬ «ልጄ» ትለዋለች። እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ።

ተከታትለን ስንነዳ መንገዱን የሚያየው የፊተኛው ብቻ ነው። የኋለኛው ነፋስ እንዳይመታው ተጠግቶ ስለሚነዳ፣ የሚታየው የፊተኛው ወገብና ጎማ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ የፊተኛው እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ያሳያል። ወንድሜ ነው ያስተማረኝ፣ እግሬ ገና ፔዳል በቅጡ ሳይደርስ። «ጭራ፣ ከፊት ስትሆን የኋለኛው ዓይን አንተ ነህ።» ጭራ የሚለኝ ከኋላው ስለማልጠፋ ነው።

ወንድሜ ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓድ ገብቶ ነው የወደቀው።

ታዲያ የፊተኛው እጅ የት ነበር?

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረና በመስታወቱ ተያየን። ቶንዶሱ ጆሮዬ ሥር ይንጫጫል። ድሮ አፉ አያርፍም ነበር፤ ደንበኛው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለወሬው ነበር የሚመጣው። ዛሬ ዝም።

ምላጩን ማጅራቴ ላይ ሲያሳርፍ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን አሳይተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን።»

ምላጩ ቆመ። ማጅራቴ ላይ እንዳለ ቆመ...

«አሳይቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «አላየኝም መሰለኝ።»

ከዚያ ምላጩን ጠረገ። ደግሞ ጠረገው። ንጹሕ ነበር እኮ።

መጋቢት 9፣ እሁድ

ዋሽቷል። ወይስ...?

ምሳ ላይ ፀጉር አስተካካዩ የብስክሌት ክበባቸው በወሩ መጨረሻ የሚያደርገውን ረጅም ጉዞ አነሳ። ግድቡ ድረስ፣ ደርሶ መልስ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። ያው መንገድ። ያው ቁልቁለት።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

«እትዬ፣ ከኔ ጋር ይሁን» አላት። «ከዓይኔ አላጠፋውም።»

«ያኛውም ካንተ ጋር ነበር» አልኩ።

 

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

እማዬ ፈቀደች። ሦስት ቀን አኩርፋኝ ከርማ ዛሬ ልብስ እያጠፈች፣ «ብከለክልህ ተደብቀህ ነው የምትሄደው። የሱ ወንድም አይደለህ?» አለች። «ብቻ ከፀጉር አስተካካዩ ኋላ ንዳ። ከፊት እንዳትወጣ! ሰምተኸኛል?»

ሰምቻለሁ። እኔም የምፈልገው ኋላውን ነው። ቀኑን ሙሉ እጁን እጠብቃለሁ። አንድ ጉድጓድ ሳያሳየኝ ይለፍ... አንድ! ለእማዬ እነግራታለሁ። ከዚያ ወዲያ ይህን ደጅ አይረግጥም።

መጋቢት 23፣ እሁድ

ልምምድ። ሁሉንም ያሳያል። ጠጠሩን፣ ስንጥቁን፣ የወደቀ ቅጠል ሳይቀር። ከክበቡ ሰዎች አንዱ፣ «ምነው፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆነሃል?» ብሎ ቀለደበት። አልሳቀም።

ያን ቀንም እንዲህ ነበር? ወይስ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው?

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ጎማ ነፋሁ። ሰንሰለት ዘይት ቀባሁ። 

ሚያዝያ 1፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የትናንቱን ልጻፍ።

ስንነሳ ያካፋ ነበር። ዳገቱ ላይ ክበቡ ተበታተነ፣ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ጭኔ ተቃጠለ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ግን ከኋላው አልተላቀቅኩም። ዓይኔ እጁ ላይ።

ቁልቁለቱ መጣ። ፍሬኑን ያዘና እንደ ሰው እርምጃ ቀስ አለ። ጉድጓዱ ተደፍኗል። ጥቁር ጥፍጥፍ አስፋልት ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ... የተደፈነውን ጉድጓድ።   

ከግድቡ ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። ዝናቡ በረታ። ቀኑን ሙሉ ነፋሱን ሲቆርጥልኝ የዋለው እሱ ነው፤ አንዴ እንኳ ተራ አልሰጠኝም። ከተማው ሊታይ ሲል እግሩን ቁርጠት ያዘው።

«ጭራ፣ ትንሽ ተካኝ። አልቻልኩም።»

ከወንድሜ ሌላ በዚህ ስም ጠርቶኝ የሚያውቅ የለም። ንዴቱ ይሁን ምኑ... ወጣሁ። ከፊቱ ወጣሁ።

ነፋሱ እንደ ግድግዳ ነው። ውሃ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ጣቶቼን ብርድ አደንዝዟቸዋል። ከዚያ አየሁት። ውሃ የሞላው ጉድጓድ። አየሁት እኮ! እጄን ከመሪው ላነሳ... አልተነሳም። ጨምድዶ ቀረ። ጠምዝዤ አመለጥኩ። እኔ አመለጥኩ! ጩኸቴ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብረቱ አስፋልት ላይ ሲፋጭ ሰማሁ።

ተመልሼ ስደርስ መንገዱ ዳር ወድቋል፣ ትከሻውን ይዟል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ተጎዳህ?» አላልኩትም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምንድን ነው?

«አሳይቻለሁ! አሳይቼሃለሁ እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ።

«አዎ» አለ። «አሳይተሃል።»

የክበቡ መኪና ክሊኒክ አደረሰን። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። እማዬ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጣ መጣች። «ምን ሆናችሁ?» እሱ ነው የመለሰላት። «ልጁ አሳይቶኝ ነበር፣ እትዬ። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ዝም አልኩ።

ሚያዝያ 3፣ ረቡዕ

 ማን ጠየቀኝ? ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የዋሸሁት። ክፉ ሰው አይደለሁም መሰለኝ።

ታዲያ እሱስ?

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደሱ ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ ከጀርባው ያለች ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጧል። በግራ እጁ ሸሚዝ ሊቆልፍ ይታገላል። ቆለፍኩለት።

«አላሳየሁህም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለእማዬ ለምን እንደዚያ አልካት?»

«ምን ልበላት? አንድ ልጇን ቀብራለች። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ጣለ ልበላት?»

 ከዚያ ግድግዳውን እያየ፣ «እኔም አላሳየሁትም» አለ። «ቁልቁለት ነው፣ ፍጥነት አለ... አየሁትና ዞርኩ። ራሴን አዳንኩ። የጮህኩት በኋላ ነው። ፀጉር ቤት የመጣህ ቀን ምላጩ በኔ እጅ ነበር፤ አንገቴን የያዝከኝ ግን አንተ ነህ።»

ልመታው ፈለግኩ። ልይዘውም ፈለግኩ። ሁለቱንም አላደረግኩም፤ አለቀስኩ። እሱም።

«ለእማዬ ልትነግራት ነው?» አለኝ ስወጣ። አልመለስኩለትም።

ቤት ደረስኩና የራሴን ነገርኳት። እጄን እንዳላነሳሁ። እንደዋሸሁ። ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ስል ድምፅዋን ቀንሳ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀንስ? ለወንድምህ አሳይቶት ነበር?»

እሷም! ስድስት ወር ሙሉ ሳህኑን ስትሞላለት ይህ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ነበር ማለት ነው... መልሱ አፌ ላይ ነው። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ስመኘው የነበረ ቃል።

«እሁድ ይመጣል» አልኳት። «እሱ ራሱ ይንገርሽ። እኔም እኖራለሁ።»

ሚያዝያ 7፣ እሁድ

መጣ። ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

እማዬ ሚጣን ጎረቤት ላከቻት። ሥጋውንና ዳቦውን አቀረበች። እሱ አልነካም። «እትዬ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አላሳየሁትም። ራሴን አዳንኩ። ዋሸሁሽ።

እማዬ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ... ሌላ ድምፅም ከሥሩ ይሰማ ነበር።

«ልሂድ መሰለኝ» አለ እያንሾካሾከ።

«ቁጭ በል» አልኩት።

ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ቢላዋ ይዛለች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ተቀመጠችና ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ ሥጋውን ትከትፍ ጀመር። ደቃቅ ደቃቅ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። 

«በአንድ እጅህ እንዴት ልትበላው ነው?» አለችው፣ ሳታየው።

«ልጄ» አላለችውም። ግን ሳህኑን መልሳ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ እስኪጎርስም ድረስ ከወንበሯ አልተነሳችም።