እናትህ በጣቷ የመረጠችው መንገድ

ሲሚ፣ ወደቡ ዳር
ሴፕቴምበር 28

ስታማቲስ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

እናትህም እኔም ደህና ነን። ይህን ያስቀደምኩት ፖስታውን ስታይ ልብህ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው፤ አባትህ እስክሪብቶ የሚያነሳው ሰው ሲሞት ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። ማንም አልሞተም። ወደ ቲሎስ፣ ወደ ቤታችን የምትወስደንን መርከብ እየጠበቅን ነው። እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ በለስ ትበላለች። አንዱን ለእኔ ታቀብለኛለች፣ ሁለቱን ለራሷ።

በበጋው መጀመሪያ ደውለህ «አባዬ፣ እባክህ አታንከራትታት፤ ቱርክ አገር አንድ ነገር ብትሆን በምን ቋንቋ ታስረዳለህ?» ብለኸኝ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ግን በስልክ ከጀመርኩት አንተ ወደ ሥራህ ትሮጣለህ፣ እኔም አሳጥረዋለሁ። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፍልህ አልኩ።

ስትሮክ ከመታት ወዲህ አላየሃትምና መጀመሪያ እንዴት እንደምትናገር ልንገርህ። የቀራት ቃል አንድ ነው፤ እሱም «ዳቦ» ነው። ዕድሜ ልኳን ሱቃችን ውስጥ ቆማ ስትጠራው ስለኖረች ይሁን አላውቅም፣ ሌሎቹ ቃላት ሁሉ ጥለዋት ሲሄዱ እሱ ቀረ። ቄሱ ዳቦ ናቸው፣ ባሕሩ ዳቦ ነው፣ እኔም ስዘገይባት ዳቦ ነኝ። ሲከፋት የምትለውና ደስ ሲላት የምትለው ግን አንድ አይደለም፤ የለመደ ጆሮ ይለየዋል። የሚነግሯትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ አትረሳም። ይህን ሰው ሁሉ አያውቅም። መንደሩ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጣት ሰው እንኳ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ «ሴቫስቲ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ እሷ ፊቱ ቆማ።

እና አንድ ቀን ጠዋት ከገበያ ስትመለስ የመርከቦቹን ካርታ ይዛ መጣች። ትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ትልቁን። ገንጥላ ነው ያመጣችው፤ ማንንም አልለመነችም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ጣቷን ጎረቤታችን ደሴት ኒሲሮስ ላይ አሳረፈች፣ ቀጥላ ኮስ ደሴት ላይ።

ኮስ ሐኪም ዘንድ ልትሄድ የፈለገች መስሎኝ የት እንዳመማት ጠየቅኳት። «ዳቦ» አለችኝ። ይሄኛው «ደደብ» ማለት ነው።

ከዚያ ጣቷ ባሕሩን ተሻግሮ ቦድሩም ደረሰ፤ የቱርክን ዳርቻ ይዞ ወደ ዳትቻ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሲሚ ተሻገረ፣ ቲሎስ ተመለሰ። ክብ ሠራች። ያን ዳርቻ ታውቀዋለህ፤ ማታ ማታ መብራቱን ከደጃችን እያየን ነው ያረጀነው። ከሱቃችን ወጥተን ግን ሄደን አናውቅም። ዳቦ ጋጋሪ ሱቁን መቼ ይዘጋል?

በአምስት ቀን ይጠናቀቃል አልኳት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ እንደሚተኛ ሰው ዓይኗን ጨፈነች፤ ኒሲሮስ ላይ ሦስቴ ተኛች። ዳትቻ ላይማ የምትነቃ አልመሰለኝም። ቦድሩም ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ይዛ በእጇ አለፈችው፤ ጩኸት የበዛበት ከተማ መሆኑን የሱቅ ደንበኞች ነግረዋት ነበርና አልረሳችውም። ቀኑን ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ መረጠች። ኦገስትን እፍ ብላ አባረረችው፤ ሴፕቴምበር ላይ መዳፏን አሳረፈች። እንግዳው ሁሉ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ባሕሩ ገና ሳይቀዘቅዝ። ብዙ ማታ እንዲህ ተቀምጠን ተከራከርን። እኔ በአፌ፣ እሷ በጣቷ። ሁሌ የምትረታው እሷ ነች።

ወደ ክሪሳንቲ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። የአጎትህን ልጅ ማለቴ ነው፤ አሁን ትኬት ቢሮውን የያዘችው እሷ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን እሷም እንደ ሌላው ዓይኗን እኔ ላይ አደረገች። አስጎብኚ ያለው፣ አውቶቡስ ያለው፣ አምስት ከተማ በስድስት ቀን የሚያስጎበኝ ጉዞ አወጣችልን። «አጎቴ፣ ይሄ ይሻላችኋል። እርስዎ ይወስኑ እንጂ አክስቴማ በዚህ ሁኔታዋ ምን ትመርጣለች?» አለችኝ።

እናትህ አልጮኸችም። ተነስታ ወጣችና ደጁ ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጠች። ልጠራት ብሄድ በእጇ መለሰችኝ። ፀሐዩ እየከረረ፣ ደንበኛው እየተራመዳት ሲገባ ሲወጣ፣ አልተነሳችም። በመጨረሻ ክሪሳንቲ ራሷ ወጥታ ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ካርታውን ጭኗ ላይ አድርጋ «አክስቴ፣ የት መሄድ ነው የሚፈልጉት?» ብላ ጠየቀቻት። እሷን፣ እኔን ሳይሆን። እኔ በመስኮት ነበር የማየው። የእናትህ ጣት ኒሲሮስ ላይ አረፈ፤ ክሪሳንቲም አንገቷን ሰብራ ተከተለችው።

መንገዱን ሁሉ አልተርክልህም። ኒሲሮስ ላይ ከተማዋን ዞር ብለን አየንና በቀረው ቀን አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እሷ ያቀደችው መቀመጥን ነውና። እኔ እግሬ ሲያቁነጠንጠኝ በዓይኗ ታስቀምጠኛለች። ከቦድሩም በጀልባ ዳትቻ፣ ከዳትቻ በሚኒባስ ፓላሙትቡኩ የሚባል የባሕር ዳር መንደር ገባን። ጠጠር፣ የለውዝ ዛፍ፣ ንጹሕ ውኃ፤ ሌላ ነገር የለም። ማረፊያው የአንዲት ሙአዜዝ የምትባል ባልቴት ነው። እኔ በግሪክኛ «እንደምን ዋሉ» አልኳት፤ እሷ በቱርክኛ የሆነ ነገር አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ አፌን ዘጋሁ። ምን ልበል?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። እናትህ የለችም። ጫማዋም የለም። ልጄ፣ ያልከኝ ሁሉ በአንዴ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ወደ ባሕሩ ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ «ሚስቴ፣ ሚስቴ» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? አንዱ ውኃ ሰጠኝ። አንዱ ወንበር ሰጠኝ። ስመለስ ከማረፊያው ወጥ ቤት ሳቅ ሰማሁ።

እናትህ ሙአዜዝ ዘንድ እጇን ሊጥ ውስጥ ነክራ ቆማለች። ሙአዜዝ ስስ ቂጣ ስትዳምጥ አይታ ገብታ፣ ሊጡን ነካ አድርጋ፣ ውኃ በዝቶበታል ብላታለች። በምን እንዳለቻት አትጠይቀኝ። ሙአዜዝ አልበዛም ብላለች። ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል፣ እንደገና ለውሰዋል። ያ የደከመው ቀኝ እጇ፣ ሐኪሙ ኳስ አስጨብጧት እምቢ ያለው እጇ፣ ሊጡን ይጨምቅ ነበር። «ዳቦ» አለችኝ ስታየኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቃሉ ከነገሩ ጋር ገጠመ።

ከዚያ ወዲያ እኔን የሚፈልገኝ ጠፋ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ለውዝ እየፈለፈሉ ያወራሉ። እኔ ሻዬን ይዤ አያለሁ። ልንነሳ በነበረው ቀን ደግሞ ነፋስ ተነሳና ወደ ሲሚ የሚሄደው ጀልባ ቀረ። ዕቅዱ ፈረሰ ብዬ ለክሪሳንቲ ልደውል ስል እናትህ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኛችልኝ። ሁለት ተጨማሪ ሌሊት። በቃ፣ ይኸው ነው ዕቅዱ።

ዓርብ ዕለት የሙአዜዝ ምራት ከዳትቻ መጣች። ሲቤል ትባላለች፤ ኮስ ላይ ሆቴል ውስጥ ብዙ በጋ ስለሠራች ግሪክኛ ታውቃለች። ሰው የሚሰማኝ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ልጀምር ስል እሷ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ አማቴ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው። መናገር ካቃተዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«እኔን ነው?» አልኳት።

«አዎ። ሚስትዎማ ሁሉን አጫውታታለች። ዳቦ ቤት እንደነበራችሁ፣ እርስዎ እያንቀላፉ ስንቱን መጋገሪያ እንዳሳረሩ፣ እጇን እንዳመማት፣ ሌሊት እንደሚያንኮራፉ። እርስዎ ግን ከመጡ ጀምሮ ቆመው ከማየት በቀር አንድ ነገር አልወጣዎትም። በጣም ታዝንልዎታለች። ቢሆንም እንዲህ ያለች ተናጋሪ ሚስት ስላለችው አላህ ክሶታል ትላለች።»

መናገር የማትችለው እሷ እንደሆነች ነገርኳት። ሲቤል ተረጎመች። ሙአዜዝ እኔን አየች፣ እናትህን አየች፣ አንድ ነገር ተናግራ ወደ ለውዟ ተመለሰች። ሲቤል እየሳቀች «አላመነችም» አለችኝ። «ስታስቀኝ የከረመችው እሷ አይደለችም ወይ? ይልቅ ሽማግሌው አፍሮ ነው አለች።»

እናትህ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አንተ ስትመረቅ፣ አዳራሹ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ደረቴ ስንት ክንድ እንደሆነ ታስታውሳለህ። ከዚያም ይበልጥ ኮራሁ ብል አትቀየመኝ። ቋንቋ በሌለበት አገር እኔ ዲዳ ሆንኩ፣ እሷ ተናጋሪ። በምን ታስረዳለህ ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ያስረዳችው እሷ ናት፣ እኔን ጭምር።

ትናንት ነፋሱ ሲበርድ ሙአዜዝ እስከ ዳትቻ ወደብ ሸኘችን። ጀልባው ሲጠበቅ እጇን ከመሬት ትንሽ ከፍ፣ ደግሞ ከፍ እያደረገች እናትህን ጠየቀቻት፤ ልጅ አለሽ ወይ ማለቷ ነው። እናትህ አንድ ጣት አሳየቻት። ከዚያ በእግሯ ጣት ቆማ እጇን እስከቻለችው ሰቀለች፤ ቁመትህን ነው። ከዚያ ባሕሩን አሳየች፣ ከባሕሩ ወዲያ፣ ከዚያም ወዲያ። ሙአዜዝ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ይደውላል ወይ አለቻት። እናትህ በአዎንታ ራሷን ነቅንቃ እኔን ጠቆመች። ከዚያ ጣቷን ወደ ራሷ አዞረች፤ መዳፏንም ቀስ አድርጋ ጨበጠች፤ ለእኔ ግን የለም ማለቷ መሰለኝ።

ሙአዜዝ ከራሷ ላይ ቀይ ሻሽዋን ፈትታ እናትህ አንገት ላይ አሰረችላት። እኔ ሻንጣ አነሳሁ።

ያየሁትን ነው የጻፍኩልህ። በዚህ ቋንቋ ገና ጀማሪ ነኝና አሳስቼ ተርጉሜም ይሆናል።

ስልኩን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ከኪሴ አውጥቼ ወጥ ቤት፣ እሷ ከምትቀመጥበት መስኮት ሥር አኖረዋለሁ። ከእንግዲህ የምታነሳው እናትህ ናት። ምን እላለሁ ብለህ አትጨነቅ። የበላኸውን ንገራት፣ ሜልበርን ዝናብ ይሁን ፀሐይ ንገራት፣ ዝም ብትልም ዝምታህን ትሰማዋለች። መልሷን ወዲያው ባትረዳው አትፍራ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እኔ ጓሮ እሆናለሁ፣ ቲማቲሞቹ ጋ።

መርከቧ ታየች። እናትህ ተነስታለች፤ ሻንጣዋን ራሷ ይዛለች፣ አላስነካም ብላለች።

የዚህ ደሴት ጠባቂ፣ የፓኖርሚቲስ ገዳሙ መልአክ ሚካኤል ክንፉን ይዘርጋብህ። እጅህ የነካው ይባረክ፣ ደጅህ ሰላም ይሁን፣ ቤትህ ሰው አይጣ።

አባትህ
ኒኪታስ