ከበሩ ላይ ያነሳሃት ሴትዮ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ያ ግራ ዓይንህን የሚጋርድህ ነገር ተሻለህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። አክስታችንም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ከብዶ ሬዲዮዋን ለሰፈሩ ሁሉ ትከፍተዋለች። ሰላምታው በዚህ ይብቃህ። ይህንንም የጻፍኩት እማዬ ሰላም ሳትሉ ነገር አትጀምሩ ብላ ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ ዛሬ ለአንተ ሰላምታ የሚወጣው አንጀት የለኝም። እንዳልደውልልህ ስልኩን ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቄ እንዳለች አለች። የቪዲዮ ካሴት የሚከራይ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ አሁን የምሠራው ሰዎች ያረጀ የሠርግ ካሴታቸውን ሲያመጡልኝ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ከደንበኞቼ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እኔ በሆዴ ጥርሴ ነው የምለው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያይ ስለሚውል ነው መሰለኝ አስፈሪ ፊልም ነፍሱ ነው፤ በቤታችን የቀረጽከውን ያንን ያንተን ፊልም ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። እህትህ መሆኔን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈለግሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ገና ስከፍት ሦስት ነገር በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ። አንዱ ጥንት የወጣው ካሴት ነው። ሌላው ከዓመታት በኋላ የወጣው ዲቪዲ፣ ሦስተኛው አንተ ራስህ አጠገቡ ተቀምጠህ አሳደስከው የተባለው አዲሱ ብሉ ሬይ። ሦስቱን ጎን ለጎን አይቶ የማን ምስል እንደሚበልጥ ለፊልሙ ወዳጆች ሊጽፍ ነው። በከተማው ውስጥ የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ያለው ሰው አጥቶ ነው ወደ እኔ የመጣው።

ሁለት ቴሌቪዥን አጠገብ ላጠገብ አቆምኩለት፤ ባለ ትልቅ ሆዱን አሮጌ ለካሴቱ፣ ስሱን ለዲስኮቹ። የማጫወቻውን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁ። ጥርሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ፣ እንደ በሽተኛ አፍ አንድ በአንድ ይመረምረው ጀመር።

ለካሴቱ አልራራለትም። ጥቁሩ ጥቁር ሳይሆን ጭቃ ነው፣ ደሙ ብርቱካን መስሏል፣ ከታች በኩል መስመር ይዘላል እያለ ጻፈ። ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑን ብነግረው ምን ይል ነበር። ዲቪዲው ደመቅ ያለ ነው፤ ግን ለሰፊ ስክሪን እንዲመች ብለው ከላይና ከታች ቆርጠውታል፤ ማንም ሰው ግንባር የለውም። ያንተ አዲሱ ሲመጣ ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የኮሪደሩ የግድግዳ ወረቀት አበባው ይቆጠራል። ጭራቁ ከምድር ቤቱ ሲወጣ የለበሰው የጎማ ካፖርት የተጣፈበት ቦታ ሳይቀር ታየኝ፤ የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ ጭራቁም አጎታችን ነው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ ኮራሁብህ።

ከዚያ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ደረስን። ጥርሴ አስቁሚልኝ አለና፣ የበሯ ሴትዮ የምትመጣው እዚህ ጋ ስለሆነ በደንብ እንድመለከትለት ነገረኝ።

የበሯ ሴትዮ ማን እንደሆነች አንተና እኔ እናውቃለን። እነሱ አያውቁም። ልጅቷ በኮሪደሩ ስትሮጥ፣ ከኋላዋ በወጥ ቤቱ በር ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ለአራት ሰከንድ ትቆማለች። ምንም አትልም። ብርሃኑ ከላይዋ ሲነሳ ትጠፋለች። የፊልሙ አድናቂዎች ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩባት ኖረዋል፤ ከጭራቁ ይልቅ የምታስፈራቸው እሷ ናት። ግማሹ የጭራቁ እናት ናት ይላል፣ ግማሹ ካሜራው ሳያስበው ያነሳው እውነተኛ መንፈስ ነው ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ካሴቱ ላይ ቆማለች። ደብዛዛ ናት፣ ፊቷ ሊጥ ይመስላል፣ ግን ቆማለች። ዲቪዲው ላይ ከራሷ ቆርጠዋታል፤ ሽርጧና የበሩን መቃን የጨበጠው እጇ ግን ከካሴቱ ይልቅ ይጎላሉ። ባንተው ላይ በሩ አለ፣ መቃኑ አለ፣ የተላጠው ቀለም ሳይቀር አለ። ሰው የለም።

ጥርሴ ሦስት ጊዜ ወደኋላ አስመለሰኝ። ሲያቅተው ከዲስኩ ጋር የተቀዳውን ያንተን ንግግር ከፈተ። በዚያ በምወደው ድምፅህ፣ ለዓመታት ሲያሳፍርህ የኖረ ስህተት እንደነበረና አሁን ቴክኖሎጂው ስላለ እንዳስተካከልከው ስታወራ ሰማሁ።

ስህተት አልካት። የወለደችህን ስህተት አልካት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንደዚህ በቁሙ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ። እማዬ ካሜራ እንዴት እንደምትጠላ ታውቃለህ፤ ሰው ፎቶ ሊያነሳት ሲል ጀርባዋን ትሰጥ ነበር። የቀረን አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱንም ማኅተሙ አገጯን በልቶታል። እማዬ ስትንቀሳቀስ የምትታይበት በዚህ ዓለም ላይ ያለው ያ አራት ሰከንድ ብቻ ነበር። ልጄ አያቷን የምታውቃት በዚያ ነው። ያውም የመጨረሻ ቀኗ መሆኑን፣ ከዚያ በር ተመልሳ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እንደወደቀች ታውቃለህ። የግድግዳ አበባ ይቆጠር ብለህ እናታችንን ፋቅሃት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ካንተ ትሻላለች፤ እሷ የጣለችው ሳታስበው ነው።

ጥርሴን ምን ብዬ እንደሸኘሁት አላስታውስም። ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ፊልሙን ወዳደሰው ድርጅት ደወልኩ፤ ቁጥሩ ከሽፋኑ ጀርባ አለ። ምስሉን ያጸዳችውን ባለሙያ አገናኙኝ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነበር፤ ላንተ ያሰብኩትን ሁሉ እሷ ላይ አወረድኩት። ሴትየዋ ታግሣ ሰማችኝና እህቱ ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኩ። መናገር የሌለብኝን ልነግርሽ ነው አለችኝ።

ካሴቱ የተገለበጠው ከደከመ ቅጂ ስለሆነ ነው ፊቷ የማይለየው አለች። ነጋቲቩ፣ ዋናው ፊልም፣ ግን ካንተ አልጋ ሥር ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ ምንም አልሆነም። ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፈት ፊቷ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ላቧ ይታያል። አንዱ እጇ መቃኑን፣ ሌላው ደረቷን ይዟል፤ ዓይኗ ካሜራው ወዳለበት ነው። አንተ ወንበርህን ትተህ ወጣህ፤ ከሰዓት በኋላ ተመለስክና አራቱን ሰከንድ ከሠሩት መቶ ሦስት ምስሎች ሁሉ ላይ እንድታነሳልህ ለመንሃት። ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ለምን ብላ ስትጠይቅህ የመለስክላትን ቃል በቃል ነገረችኝ፦

"እህቴ ያላት ካሴቱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የእማዬ ፊት አይታይም። ይሄን ካየች ትሞትብኛለች።"

ንዴቴ በረደ ብለህ ደስ እንዳይልህ። ባሰብኝ። የእማዬን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ለምን ወሬ እንደምትለውጥ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም ለምን እንዳልሠራህ አሁን ገባኝ። እሷ ደረቷን ይዛ ቆማ አንተ መቅረጽህን ሃያ ሰባት ዓመት ብቻህን ሆድ ይፍጀው ብለህ ተሸክመኸዋል። ማን ተሸከምልኝ አለህ? አርባ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ ዓይኔን በእጅህ የምትሸፍንልኝ ሕፃን አይደለሁም። ደግሞም አንተ ምስል አውቃለሁ የምትል ሰው፣ አንድ ነገር እንዴት አላሰብክም? መብራቱን የያዘው ማን ነበር?

የዚያን ቀን የቀረን ፊልም አንዲት ቆርቆሮ ነበረች። ቤተሰቡን ሰብስበህ ሕግ አወጣህ፤ ካሜራው ከተነሳ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማንም እንዳይናገር፣ ማንም ቀረጻውን እንዳያስቆም። እማዬ ሳትቀር ድስቷን ያለ ድምፅ መክደን ተማረችልህ። እኔ የመኪና ግንባር መብራት በመጥረጊያ እንጨት ላይ ታስሮልኝ፣ ባትሪው እግሬ ሥር፣ ከጎንህ ቆሜአለሁ። አንተ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በሌላው በካሜራው ጠባብ ቀዳዳ ልጅቷን ትከተላለህ፤ በቀዳዳዋ ውስጥ በር ላይ የቆመ ሰው የጥፍር ያህልም አይሆን። የእኔ ዓይኖች ሁለቱም ክፍት ነበሩ።

እማዬ ሕግህን አከበረች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መብራቱ አራት ሰከንድ በሩ ላይ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። መብራት በራሱ አይዞርም። ቀረጻው ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሄደ። በቃ ስትል እንጨቱን ጥዬ ወደ ወጥ ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይጠራኝ ለምን እንደሮጥኩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሆስፒታል ያገኘችን ዶክተር ከመውደቋ በፊት ያያት ሰው አለ ወይ ስትል፣ አንተ ማንም አላያትም አልክ። እውነትህን ነበር፤ አንተ ያየሃት ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። እኔም ማንም አላያትም አልኩ።

ስለዚህ ያንን ፊት ለማየት ያንተ ብሉ ሬይ አላስፈለገኝም። የደበቅከኝ ነገር የለም። እሷን ነው የደበቅካት።

መልሳት። ያልተነካው ቅጂ አሁንም አለ፤ ባለሙያዋ የምትጠብቀው ያንተን ፊርማ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እትም ሳይታተም ይደርሳል ብላኛለች። ጥርሴም ጽሑፉን ለጊዜው እንዲያቆይልኝ ለምኜዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ከነላቧ፣ ከነፊቷ መልሳት። እነሱ ጭራቅ ይበሏት፣ መንፈስ ይበሏት፣ ግድ የለኝም፤ ቆማ ትታይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሁላችን ስም ሲሰለፍ የመብራት ያዥ ስም የለም። እንዳትጽፈኝ ብዬ የለመንኩህ ጊዜ ዓይን አፋር ብለህ ስቀህብኛል፤ ለአክስታችንም ነግረህ አሳቅሃት። አሁን ጻፈው። አስቀድመህ የእማዬን ስም ከነአባቷ፣ ከሥሩ የእኔን።

አክስታችን ሳሚልኝ ብላለች፤ እኔ ግን ዛሬ አልስምህም። ፈጣሪ ዓይንህን ይማርልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ክፉ አይንካህ። ይህን ስል ከልቤ ነው፤ ንዴቴም ከልቤ ነው። መልስህን በደብዳቤ አትላክልኝ፤ ና።

መብራት ያዥህ፣
ታናሽ እህትህ